በስማችን የሚናገር ማሽን

ማለዳ፣ ገና 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ በመስቀል አደባባይ የተገኘ ሰው ሁለት ዓይነት ወጣቶችን ያያል። የመጀመሪያዎቹ ሯጮች ናቸው። የአደባባዩን ረጃጅም እርከኖች ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ይሮጡና ወደሚቀጥለው እርከን ወጥተው ይመለሳሉ፤ እንዲህ እያሉ እስከ ላይ ይደርሳሉ። ሁለተኞቹ ደግሞ ከእርከኖቹ በአንዱ ላይ ተቀምጠው በእጅ ስልካቸው ላይ ያቀረቀሩ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሥራ ፈላጊ ምሩቃን እንደማይጠፉ ለመገንዘብ አጠገባቸው ጥቂት መቀመጥ ይበቃል። ከአደባባዩ ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው መንገድ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛሉ፤ ወጣቶቹ ግን ወደ እንዲህ ያሉ ተቋማት የሚያስገባውን በር የሚፈልጉት በእግራቸው ሳይሆን በኢንተርኔት ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት በዚያ ስናልፍ ከተቀመጡት አንዱ ብድግ ብሎ «ዶክተር፣ እንደምን አደሩ?» አለን። ስታቲስቲካል ሜካኒክስ ያስተማርነው፣ ጥያቄ የማያልቅበት ልጅ ነበር። ያን ዕለት ግን ፊቱ ጠቁሯል። ምን እንደገጠመው ስንጠይቀው እንዲህ ሲል አጫወተን። ለባለሙያዎች መተዋወቂያነት ከተቋቋሙት ድረ ገጾች በአንዱ አካውንት ከፍቷል። ከዚያም ጓደኛው የጠቆመውን አንድ ትንሽ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጫነ። ፕሮግራሙ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ በስሙ የትውውቅ ግብዣ ይልካል። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት፣ በየ90 ሴኮንዱ አንድ ግብዣ፣ ማለትም በአንድ ሌሊት 240 ግብዣ። በሦስተኛው ቀን አካውንቱ ታገደ። ከመታገዱ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ቀጣሪ ለቃለ መጠይቅ እንደሚፈልገው የሚጠቁም አጭር ማሳሰቢያ በኢሜይሉ ደርሶታል፤ ሙሉው መልእክት፣ ቀኑና ሰዓቱ ጭምር፣ የሚገኘው ግን በታገደው አካውንት ውስጥ ነው።

በዚህ መካከል፣ እንደ መምህር ልማዳችን፣ «መመሪያውን አላነበብህም?» ብለን ገሠጽነው። የሰጠን መልስ ግን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም፤ «ዶክተር፣ እኔ በየቢሮው የሚያስገባኝ አጎት የለኝም፤ ማሽኑ አጎቴ ነበር።»

ይህ መልስ በተግሣጽ የሚታለፍ አይደለም። በአገራችን «ሥራ በዘመድ ነው» የሚለው ብሶት ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ዘመድ የሌለው ወጣት በአንድ ሌሊት ለ240 ሰዎች እጁን የሚዘረጋለት መሣሪያ ቢያገኝ ለምን ይታማል? እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን የዚያ ልጅ ጥያቄ ነው። አቋማችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ ራስ ሰር አሠራር ወይም አውቶሜሽን በራሱ ነውር ነው የሚል እምነት የለንም፤ የዕለት ሥራችንም በእርሱ የተሞላ ነው። ይሁን እንጂ ማሽን ለእኛ ሲሰማልንና ማሽን በእኛ ስም ሲናገር፣ በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። አደጋው ያለው በሁለተኛው ላይ ነው።

ከእነዚህ ድረ ገጾች በስፋት የሚታወቀው ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። የተጠቃሚዎች ስምምነቱ በገጹ ላይ ግብዣና መልእክት በራሳቸው የሚልኩ ወይም መረጃ በጅምላ የሚለቅሙ ፕሮግራሞችን በግልጽ ይከለክላል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ አንድ ሰው በሳምንት በሚልካቸው ግብዣዎች ብዛት ላይ ጠበቅ ያለ ገደብ ተጥሏል። ታዲያ እንዲህ ያለ ገጽ፣ ግብዣውን የላከው ጣት ይሁን ፕሮግራም፣ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት እንዴት ያውቃል? ድርጅቶቹ የመለያ ዘዴያቸውን በዝርዝር አይገልጹም፤ ጉዳዩ የሚያርፍበት መርሕ ግን ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አይደለም።

ወደ አደባባዩ እንመለስ። መስቀል አደባባይ ታድሶ በ2013 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት በነበሩት ረጅም ዓመታት፣ በዚህ ሰፊ መገናኛ ላይ መኪኖች ያለ ትራፊክ መብራት ከየአቅጣጫው ገብተው ሲተላለፉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በኢንተርኔት ዓለምን ዞረዋል። የውጭ ተመልካች ትርምስ ያይ ነበር። መሪ የጨበጠው ሾፌር ግን የሚያየው ሌላውን ሾፌር ነው፤ ዓይኑን አይቶ ያዘግማል፣ ይጠብቃል፣ ክፍተት ሲያገኝ ይገባል። አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ደረጃው ላይ ተቀምጦ በአንዲት መስመር እያንዳንዱ መኪና ያለፈበትን ቅጽበት ቢመዘግብ ኖሮ፣ እኩል የተራራቁ ነጥቦችን አያገኝም ነበር። አራት አምስቱ ተከታትለው ይሾልካሉ፤ ከዚያ ረዘም ያለ ባዶ ጊዜ፤ እንደገና ግር ብለው ማለፍ። ሰው እያየ የሚወስነው ነገር ሁሉ ይህን የመሰለ ምት አለው።

ይህን ምት በቁጥር ከገለጹት አንዱ የፊዚክስ ሊቁ አልበርት ላስሎ ባራባሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰዎች ኢሜይል የሚላላኩባቸው የጊዜ ክፍተቶች በፖይሰን ሥርጭት እንደማይገዙ አሳየ። በፖይሰን ሥርጭት በጣም ረጅም ክፍተት እጅግ ብርቅ ነው። በሰው ልጅ ሥራ ግን በርካታ አጫጭር ክፍተቶች መካከል አልፎ አልፎ በጣም ረጅም ዝምታ ይገኛል። ምክንያቱን ሲያስረዳም ሰው ሥራውን በመጣበት ተራ ሳይሆን በአስፈላጊነቱ መርጦ ስለሚሠራ ነው ይላል፤ አስቸኳዩ ወዲያው ይሠራል፣ ያልቸኮለው ደግሞ ሳምንታት ይከርማል። በዚያው ዓመት ባራባሺና የሥራ ባልደረባው የዳርዊንንና የአንስታይንን ደብዳቤዎች መረመሩ። ዳርዊን ከ7,500 በላይ፣ አንስታይን ከ14,500 በላይ ደብዳቤ ጽፈዋል። ሁለቱም ለደረሳቸው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይመልሱ ነበር፤ አንዳንዱን ግን ለወራት፣ ለዓመታትም አቆይተውታል። እንግዲህ መልስ በማዘግየት የምንታማ መምህራን ከማን ወገን እንደሆንን ልብ ይሏል።

ጉዳዩን ተማሪ በገዛ እጁ ሊለካው ይችላል። ጎ እና ባራባሺ እ.ኤ.አ. በ2008 ያቀረቡት ቀላል መለኪያ አለ። በተከታታይ ድርጊቶች መካከል ያሉትን የጊዜ ክፍተቶች እንመዘግባለን፤ አማካያቸውንና መደበኛ ልይይታቸውን (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) እናሰላለን። ከዚያም ከመደበኛ ልይይቱ ላይ አማካዩን ቀንሰን ውጤቱን ለሁለቱ ድምር እናካፍላለን። እንደ ሰዓት ቆጣሪ እኩል ለሚመታ ነገር ውጤቱ −1 ይሆናል፤ ለፖይሰን ሥርጭት 0፤ ግር ብሎ መጥቶ ለረጅም ጊዜ ለሚጠፋ ነገር ደግሞ ወደ 1 ይጠጋል። የተማሪያችን ፕሮግራም ክፍተቱ ሁልጊዜ 90 ሴኮንድ ስለሆነ መደበኛ ልይይቱ 0 ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ በትክክል −1 ነው። በአንጻሩ አንድ ሰው ስድስት መልእክቶች ልኮ በመካከላቸው ያሉት ክፍተቶች 1፣ 1፣ 2፣ 1 እና 55 ደቂቃ ቢሆኑ፣ አማካዩ 12፣ መደበኛ ልይይቱ ደግሞ 21.5 ገደማ ነው፤ ውጤቱም 0.28 ይሆናል። አንባቢያን የስልካቸውን የጥሪ ዝርዝር ከፍተው የራሳቸውን ቢያሰሉ መልካም መዝናኛ ነው። እርግጥ ስድስት መልእክት ለፍርድ አይበቃም፤ 720 ግብዣ ግን ከበቂ በላይ ነው።

እንደዚህ ዓይነት ፕሮግራም የሚሸጡ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ «ዕቃችን አደጋ የለውም፤ በግብዣዎች መካከል ያለውን ጊዜ እንደ ሰው ያለያያል» እያሉ ያስተዋውቃሉ። ክፍተቱ በዘፈቀደ ሲለዋወጥ ውጤቱ ከ−1 ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ዘፈቀደ ማለት ሰው ማለት አይደለም። ደግሞም ጊዜ አንዱ ምልክት ብቻ ነው። የተላኩት ግብዣዎች ስንት በመቶ ተቀባይነት አገኙ? ስንቶች «ይህን ሰው አላውቀውም» አሉ? አካውንቱ ጧት ከአዲስ አበባ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ከሌላ አገር ኮምፒውተር ተከፈተን? አንዱን ምልክት የሸፈነ ሌላው ያጋልጠዋል። ከሁሉም በላይ ግን የሚያስከፋን ቃሉ ራሱ ነው። በእነዚህ ማስታወቂያዎች ውስጥ «አደጋ የለውም» ማለት «አትያዝም» ማለት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን የቃል አጠቃቀም በፈተና አዳራሽ ውስጥ ብንሰማው ምን እንደምንለው አንባቢ ያውቀዋል።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ይኸውም ለፕሮግራሙ በምናስረክበው ቁልፍ ላይ ነው። ወደ አንድ ድረ ገጽ የይለፍ ቃላችንን አስገብተን ስንገባ፣ ገጹ ለኮምፒውተራችን «ኩኪ» የተባለ ትንሽ የመለያ ጽሑፍ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በየደቂቃው የይለፍ ቃል የማንጠየቀው ኩኪው እንደ መግቢያ ትኬት ስለሚያገለግል ነው። አውቶሜሽን የሚሸጡ ብዙ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት ይህንኑ ትኬት ወይም የይለፍ ቃሉን ራሱን ነው። ትኬቱን የያዘ ሰው የይለፍ ቃል አያስፈልገውም፤ በስልክ አጭር መልእክት የሚመጣውን ተጨማሪ የማረጋገጫ ቁጥርም አይጠየቅም፤ ባለቤቱን ሆኖ ይገባል፣ ያነባል፣ ይጽፋል። ተማሪያችንን «ፕሮግራሙን የሠራው ማን ነው?» ብለን ስንጠይቀው አላወቀም። የቤቱን ቁልፍ ስሙን ለማያውቀው መንገደኛ ሰጥቶ ሦስት ሌሊት ተኝቷል ማለት ነው። ትላልቅ ኩባንያዎችም ቢሆኑ ቁልፍ መጠበቅ ይከብዳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊንክድኢን የተሰረቁት የይለፍ ቃላት በመጀመሪያ 6.5 ሚሊዮን ያህል ናቸው ተብሎ ነበር፤ በ2016 ግን ጉዳቱ ከ100 ሚሊዮን በላይ አካውንቶችን እንደነካ ታወቀ። ትልቁ እንዲህ ከሆነ፣ አድራሻው የማይታወቅ ሻጭ ምን ዋስትና ይሰጣል?

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እሺ፣ ግን ቢሠራስ? ባይያዝስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በደንብ እንየው።

የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፉ፣ ሰዎች ስለ ሥራ የሚሰሙት ከቅርብ ወዳጆቻቸው ይልቅ ብዙም ከማይቀርቧቸው ሰዎች እንደሆነ አመለከተ። የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሌላ ክበብ ነው። ይህ ለዘመድ አልባው ተማሪያችን የምሥራች ይመስላል፤ አጎት ባይኖር እንግዳ ሰው ይበቃል እንደ ማለት ነውና። ነገር ግን ሐሳቡ በ2022 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት በታተመ ግዙፍ ጥናት ተፈተነ። ጥናቱ የተካሄደው በሊንክድኢን ላይ ሲሆን፣ በአምስት ዓመታት ውስጥ 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያካተተ ነበር። ገጹ «ልታውቃቸው የምትችል ሰዎች» ብሎ የሚያቀርበውን ዝርዝር ለአንዱ ቡድን በአንድ መልክ፣ ለሌላው በሌላ መልክ እያደረገ፣ የትኛው ትስስር ወደ ሥራ እንደሚያደርስ ለካ። ውጤቱ ግራኖቬተርን በከፊል ደገፈ። ደካማ ትስስር ከጠንካራው ይበልጥ ይጠቅማል፤ ግን እስከ ተወሰነ ደረጃ ብቻ። ግራፉ የተገለበጠ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። ይበልጥ የሚጠቅሙት መጠነኛ ደካማ ትስስሮች ናቸው፤ ጥቂት የጋራ ትውውቅ ያላቸው፣ ለምሳሌ ከእኛ በፊት የተመረቁ፣ በአንድ ወርክሾፕ የተገናኘናቸው፣ የመምህራችን መምህር። ከዚያ ወዲያ ትስስሩ ይበልጥ እየላላ ሲሄድ ጥቅሙ ይቀንሳል።

አሁን የማሽኑን ሥራ በዚህ ግራፍ ላይ እናስቀምጠው። በሌሊት 240 ግብዣ የሚልክ ፕሮግራም በጅምላ የሚያመርተው የትኛውን ትስስር ነው? የጋራ ትውውቅም የጋራ ወሬም የሌለውን፣ በግራፉ የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ ለተማሪያችን የምንሰጠው መልስ «ሕግ ጥሰሃል» ከሚለው ይልቅ «ማሽኑ አጎት ሊሆንህ አይችልም፤ አጎት አንተን የሚያውቅ ሰው ነው» የሚል ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት የሚበጀው፣ በግራፉ መካከል ያሉትን ሃያና ሠላሳ ሰዎች መፈለግ ነው። እነርሱም አሉ፤ የትምህርት ክፍላችን ምሩቃን በየአገሩ ተበትነዋል። እነርሱን የሚያገናኝ መዝገብ ባለመያዛችን እኛ መምህራንም ተወቃሾች ነን። ተማሪ ማሽን የሚቀጥረው መምህሩ ሁለት መስመር የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ወር ሲያቆየው እንደሆነ መሸሸግ አይገባም።

በነገራችን ላይ ያ ጥናት ሌላ ክርክርም አስነሥቷል። ከ20 ሚሊዮኖቹ ተጠቃሚዎች ማንም የሙከራ አካል መሆኑ ተነግሮት አያውቅም። «የገጹ ባለቤት በእኛ ላይ ማሽን እያሠራ እኛን ማሽን አትጠቀሙ ማለቱ ፍትሕ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢነሣ፣ ጥያቄው ትክክል ነው እንለዋለን። ከጉልበተኛ ጋር በእኩል ውል እንደማንገባ የታወቀ ነው። ሃይኪው የተባለ አነስተኛ ኩባንያ በገጹ ላይ ለሁሉም ክፍት የሆነ መረጃን በፕሮግራም የመልቀም መብት አለኝ ብሎ ከ2017 ጀምሮ ከሊንክድኢን ጋር ሲሟገት ቆይቷል። የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለሁሉም የተገለጠን መረጃ መልቀም በኮምፒውተር ሰብሮ መግባት ወንጀል እንደማያስጠይቅ ወደሚያመለክት ውሳኔ አዘንብሎ ነበር። ሆኖም በ2022 መጨረሻ ኩባንያው የተጠቃሚዎችን ስምምነት አፍርሷል ተባለና ነገሩ በስምምነት ተዘጋ። ወንጀል አለመሥራትና ውል አለማፍረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን። በአገራችንም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል፤ የሰዎችን ስም፣ ስልክና ኢሜይል በጅምላ ለቅሞ ማከማቸት የግል ጨዋታ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አልፏል።

ማሽን ይስማልን፣ አይናገርልን ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ከአገራችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በፍርድ ቤቶች ደጃፍ ጠረጴዛና የጽሕፈት መኪና ይዘው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎችን ያላየ የለም። ባለጉዳዩ ብሶቱን ይነግራቸዋል፤ እነርሱ በሕግ ቋንቋ አሰናድተው ይጽፉለታል፤ መልሰው ያነቡለታል። ከዚያ በኋላ ግን የሚፈርመው ራሱ ባለጉዳዩ ነው፤ ይዞት የሚገባውም፣ ዳኛው ሲጠይቅ የሚመልሰውም እርሱ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊ በሰው ስም ፈርሞ፣ ባለጉዳዩ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ወደ 240 ችሎት ማመልከቻ ቢያስገባ ምን ይባላል? ዛሬ ጽሑፍ የሚያሰናዱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች በየስልኩ ገብተዋል፤ እኛም እንግሊዝኛችንን እንዲያርሙልን እንጠቀምባቸዋለን። እንደ ማመልከቻ ጸሐፊው እስከሆኑ ድረስ ቅር አይለንም። ፊርማው ወደ እነርሱ ሲያልፍ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ይህን የምንናገረው ንጹሕ ሆነን አይደለም። በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን ልንጨርስ በተቃረብንበት ዓመት፣ ለድኅረ ዶክትሬት ጥናት ቦታ ስንፈልግ፣ የ60 ፕሮፌሰሮችን ስምና ኢሜይል በሰንጠረዥ አስገብተን፣ አንድ ደብዳቤ በእያንዳንዱ ስም እያደረገ የሚልክ አጭር ፕሮግራም ጻፍን። ሌሊት አስነሣነውና በኩራት ተኛን። ጧት ስንነሣ ለካስ የስሞቹ ዓምድ ከ22ኛው ረድፍ በኋላ በአንድ ተዛብቷል፤ የቀሩት ሰዎች ሁሉ ደብዳቤ የደረሳቸው በሌላ ሰው ስም ነው። የእያንዳንዱን «ታላቅ ሥራ» አድንቀን ጽፈን ስለነበር፣ ሁሉም ያልሠሩት ሥራ ተመሰገነላቸው። አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር «እኔ እርሱ አይደለሁም፤ ነገር ግን ቢሮው ከእኔ ቀጥሎ ነው፤ ደብዳቤዎን በበሩ ሥር አሾልኬለታለሁ» ሲሉ መለሱልን። ሁለት ቀን ሙሉ በእጃችን ይቅርታ ስንጽፍ ከረምን። ለይቅርታችን መልስ የሰጡን ሦስት ናቸው፤ ቦታ የሰጠን ግን አልነበረም። ያን ጊዜ ያላገደን ማንም አልነበረም፤ የደረሰብንም ቅጣት ኀፍረት ብቻ ነው። ግን የሙያ ዓለም ጠባብ ነው፤ ከዓመታት በኋላ በአንድ ጉባኤ ላይ ስማችንን ሰምቶ የሳቀ ሰው አጋጥሞናል።

ታዲያ ማሽኑ ምን ይሥራ? ብዙ ይሥራ። ገጾቹ ራሳቸው የሚሰጡትን የሥራ ማስታወቂያ ማሳሰቢያ ከፍተን፣ የምንፈልገውን ሙያና ከተማ መርጠን፣ ማለዳ በኢሜይል እንዲደርሰን ማድረግ እንችላለን፤ ይህ የተፈቀደ ነው፣ ማንንም አይረብሽም። የማመልከቻ ማብቂያ ቀኖችን ካላንደር ይያዝልን። ለማን፣ መቼ፣ ስለ ምን እንደጻፍን የሚያሳይ ሰንጠረዥ እንያዝ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ ያልሰጠንን ቀይ ያድርግልን። የትምህርትና የሥራ ማስረጃችንን ለእያንዳንዱ ቦታ በሚስማማ መልክ ማሰናዳትም በፕሮግራም ሊታገዝ ይችላል፤ ያልሠራነውን እንዳይጨምርብን እያንዳንዱን መስመር ካነበብን። በእነዚህ ሁሉ ማሽኑ ቢሳሳት የሚጎዳው እኛን ብቻ ነው። የይለፍ ቃላችንን ለማንም አንሰጥም፣ ተጨማሪውን ማረጋገጫ እንከፍታለን፣ ቀድሞ የፈቀድንላቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር አልፎ አልፎ እናጸዳለን። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር ማለፍ አይቻለንም። ለሁሉም እጁን የሚዘረጋ ማሽን የሁሉንም እጅ ይጨብጣል። ገጹ ራሱ በየስድስት ወሩ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሐሰተኛ አካውንቶችን እንደሚያስወግድ ይገልጻል፤ ያልተያዙት ደግሞ ግብዣ ሲደርሳቸው ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ። የተማሪያችንን ግብዣ ፈጥኖ ከተቀበሉት አንዱ «ቀጣሪ» ነኝ ብሎ ለቪዛ ማስፈጸሚያ ገንዘብ እንዲልክ ጠይቆታል። ልጁ ገንዘብ ስላልነበረው ተረፈ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ከአመልካች ገንዘብ እንደማይቀበል በሥራ ማስታወቂያዎቹ ላይ ያስታውቃል፤ ሌላም ቢሆን ለመቅጠር ገንዘብ የሚጠይቅ ቀጣሪ ሊያስደነግጠን ይገባል። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2025 በሚያንማር ድንበር ከሚገኙ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ማዕከላት በአንድ ጊዜ ከተለቀቁት 260 ያህል የውጭ ዜጎች ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በእነዚያ ማዕከላት ከተያዙት ብዙዎቹ በእስያ ጥሩ ሥራ ታገኛላችሁ ተብለው የሄዱ፣ ከዚያም በግዳጅ ሌሎችን እንዲያጭበረብሩ የተደረጉ ናቸው። ከማናውቀው ሰው የመጣን የሥራ ግብዣ ማሽን «እሺ» ሲልልን፣ ያ «እሺ» ወዴት እንደሚያደርስ ማሽኑ አይጠይቅም።

ልጁን በቅርቡ እንደገና አገኘነው። አካውንቱ ከሳምንታት በኋላ ተከፍቶለታል፤ የቃለ መጠይቁ ቀን ግን አልፏል። ለቀጣሪው ይቅርታ ጽፎ መልስ አላገኘም። ፕሮግራሙን አጥፍቶ፣ የይለፍ ቃሉን ለውጦ፣ የአሥራ ሁለት ሰዎችን ስም በደብተር ላይ ጽፎ ይዟል፤ ሁሉም ከእኛው ትምህርት ክፍል የወጡ ናቸው። እስከ አሁን ለአራቱ ጽፏል። አንደኛዋ ውጭ አገር በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ ናት፤ መልስ የሰጠችው ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ሥራ አልሰጠችውም፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ግን ላክልኝ ብላዋለች። ፋይሉ በተበላሸ ፍላሽ ላይ እንደቀረ ነገረን። የታተመው ቅጂ ቢሮአችን መደርደሪያ ላይ እንዳለ አስታወስነው፤ ማክሰኞ መጥቶ ይወስደዋል።